ከፒያሳ እስከ ቦርከና፤ የዝውውር ወሬ

ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደሴ ፒያሳ ላይ ቆም ብላችሁ ብታዩ፣ ግማሹ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። አንዱ ጮክ ብሎ «ሳላህን ልሽጠው ወይስ ልተወው?» ይላል። ሌላው ከመንገዱ ማዶ «ተው፣ ትቆጫለህ!» ብሎ ይመልስለታል። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሰኞ ገበያ ስለዋለ በሬ የሚጨቃጨቁ ይመስለዋል። ማን ተወደደ፣ ማን ረከሰ፣ ማን ታመመ። ወሬው ግን ፋንታሲ ስለሚሉት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው።

ሰዓቱም ምክንያት አለው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ቡድን መቀየር ያበቃል። የመጀመሪያው ጨዋታ የቅዳሜው የቀትር ጨዋታ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር 8፡30 ላይ ይጀመራል፤ ስለዚህ 7 ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በጥቅምት አጋማሽ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ እዚህ 8 ሰዓት ይሆናል። ደሴ ውስጥ የለንደንን የሰዓት ለውጥ እንደነዚህ ልጆች በጥንቃቄ የሚከታተል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለማታውቁት ወላጆች በአጭሩ ላስረዳ። ወደ ጨዋታው የገባ ሁሉ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የጨዋታ ገንዘብ ይሰጠዋል። በእሱ 15 ሰው ይገዛል፤ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 ሰው በላይ መውሰድ አይፈቀድም። የገዛቸው ተጫዋቾች በእውነተኛው ሜዳ ግብ ሲያገቡ ወይም ለግብ ሲያቀብሉ ነጥብ ያመጡለታል። ካፒቴን ያደረገው ሰው ነጥብ እጥፍ ይሆናል። በሳምንት አንድ ዝውውር በነፃ ነው፤ ከተፈቀደው ካለፈ በእያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ይቀነስበታል። ያልተጠቀመበት ነፃ ዝውውር ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይለታል። እኔ እንደማየው የጨዋታው ቁም ነገር ያለው እዚህች 4 ነጥብ ላይ ነው። ችኩል ልጅ ባለፈው ሳምንት ግብ ያገባውን ሁሉ ሲያሳድድ ነጥቡን ይጨርሳል። ታጋሹ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ከላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የሰፈሬ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ቁማር ነው ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ውርርድ ቤት ስንት የቤት ኪራይና ስንት የትምህርት ቤት ክፍያ እንደበላ እነሱ ያውቁታል። ፋንታሲ ግን በነፃ የሚገባበት ጨዋታ ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ቡድንህ ቢሸነፍም ኪስህ አይጎድልም። እርግጥ ጓደኛሞች ተሰባስበው በዓመቱ መጀመሪያ መቶ መቶ ብር አዋጥተው ለአሸናፊው የሚሰጡበት ጊዜ አለ። እሱን አልወደውም፤ ልጆቹንም በፊታቸው ነግሬያቸዋለሁ። ሆኖም ሁለቱን አንድ አድርጎ ልጅን ከቤት ማባረር፣ ጉንፋኑንና የሳንባ ምቹን ባንድ መድኃኒት እንደ ማከም ነው።

ነርስ ስለነበርኩ ይበልጥ የሳበኝ የጉዳቱ ምልክት ነው። የተጎዳ ተጫዋች ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት ይወጣል፤ የመጫወት ዕድሉ 75፣ 50 ወይም 25 በመቶ እንደሆነ ይጻፋል። ቀይ ከሆነ አበቃለት። ልጆቹ ሲስተር እያሉ የጭን ጡንቻ መሸማቀቅንና የጉልበት ጅማት መበጠስን ይጠይቁኛል። «የጉልበት ጅማት ከሆነ ለዘንድሮ እርሱት» ስላቸው፣ ፊታቸው ላይ የሚታየው ሐዘን የዘመድ ሕመም የተረዳ ሰው ያስመስላቸዋል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን መጠማዘዝ ሲጀምር የጦሳ ብርድ ወደኋላ ይቀራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የቦርከና ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ሲወርድ ጋቢውን ክንዱ ላይ ጥሎ ነው። ይህ የከፍታ ልዩነት ኳስ ላይም ያስታውቃል። የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ወጥቶ ሲጫወት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የደሴው ደግሞ ታች ሲወርድ ሙቀቱ ያዝለዋል። ሁለቱም ሲሸነፉ ምክንያት የሚያደርጉት አየሩን ነው። በፋንታሲ ሲሸነፉ ግን አየሩን መክሰስ ስለማይቻል ዳኛውን ይከሳሉ።

ኮምቦልቻ እንደወረድኩ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ ጌም ቤት ወሰዱኝ። ፊት ለፊት ፕሌይስቴሽን ላይ የሚጯጯሁ ታዳጊዎች አሉ። ከኋላ ጥግ ላይ ግን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አለ፤ እዚያ ያለው ልጅ አይጮህም። የሚጫወተው ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር የሚባለውን ነው፤ የ2001/02 እትም፣ ማለት ከእሱ ዕድሜ የሚበልጥ ጨዋታ። ይህን ጨዋታ ኮሊየር የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ፈጥረው በ1992 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረቡት። ዛሬ ፉትቦል ማናጀር በሚል ስም የሚታወቀውም የእነሱ ሥራ ነው። እዚህ ኳስ የሚመታ እግር የለም። ስም፣ ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ ቁጥር፤ ያ ብቻ። አሰልጣኙ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያሰልፋል፣ ውጤቱን በጽሑፍ ያነባል። አሮጌው እትም ለደካማ ኮምፒዩተር አይከብድም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ኢንተርኔት አለመፈለጉ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። የእንግሊዝ ሊግ የተጀመረው ነሐሴ 5 ቀን ነበር። ቡድናቸውን ቀደም ብለው የሠሩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች እንደሠሩት ቀሩ። በዚያው በመክፈቻው ጨዋታ የማንቸስተር ሲቲው ዴ ብሩይነ ጭኑን ተጎድቶ ወጣ፤ በሊጉ ወደ ሜዳ የተመለሰው ጥር 4 ቀን 2016 ነው። አስቡት፤ በውድ ዋጋ የተገዛ ሰው አምስት ወር ሙሉ ሳይጫወት ቡድንህ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልታወጣው አትችልም። አንዳንዶቹ የይለፍ ቃላቸውን በስልክ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እየነገሩ «እገሌን አውጣልኝ፣ እገሌን አስገባልኝ» ይሉ ነበር። ዘመድ የሌለው ደግሞ ወደዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ በዚያ ላይ ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ። አንዱ እንዲህ አለኝ፦ «ሲስተር፣ እዚህ ውስጥ ስወስን የሚከለክለኝ የለም»።

በዚህ አሮጌ እትም ዝነኛ የነበረ ቸርኖ ሳምባ የሚባል ልጅ አለ። ጋምቢያ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ፣ በሚልዎል ክለብ የታዳጊ ቡድን የነበረ አጥቂ ነው። በጨዋታው ውስጥ የገዛው ሁሉ ዋንጫ ይበላበት ነበር። እውነተኛው ሳምባ ግን ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖሮ የተባለለትን ያህል ሳይደርስ ጫማውን ሰቀለ፤ በመጽሐፉም ስላሳለፈው የመንፈስ ጭንቀት ጽፏል። ይህን ለጥጉ ልጅ ስነግረው መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አለ። «እኔ እኮ ስንት ጊዜ ሸጥኩት» አለ ቆይቶ።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ለምትሉ፣ ዊል ስቲል የሚባል በልጅነቱ ፉትቦል ማናጀር ሲጫወት ያደገ ወጣት በ2022 እ.ኤ.አ. በ30 ዓመቱ የፈረንሳዩን ሬምስ ክለብ ይዟል። የሚፈለገው ፈቃድ ስላልነበረው ክለቡ በየጨዋታው 25,000 ዩሮ ይቀጣ ነበር። ግን እንግሊዝ አገር ኮሌጅ ገብቶ አሰልጣኝነት ተምሯል፤ በጨዋታው ብቻ እዚያ አልደረሰም። ይህን ጎን እናቶችም ልጆችም እንዳይረሱት።

ከጌም ቤቱ ስንወጣ ወሬው ወደ አገር ቤት ዞረ። በወሎ ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት ያየነው ወልዲያ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በሼክ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም ሲመረቅ የደሴም የኮምቦልቻም ሰው ኮርቷል። በዓመቱ ክለቡ ወረደ። ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ደግሞ ከታች ባለው ሊግ የታገሉ ናቸው። ጥሩ ልጅ ሲወጣላቸው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እነሱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ከትልቆቹም ቢሆን በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛውሯል። ይህ ዝውውር ደስ የሚል ነው።

ይህ ቃል ግን በእኛ አካባቢ ሁለት ነገር ነው። «ዝውውር» ስትል አንዱ ስለ ኳስ ያስባል፤ ሌላዋ እናት በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ለመግባት ከደላላ ጋር ስለሄደ ልጇ ታስባለች።

አብሮን የመጣ አንድ ወጣት አለ። ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ ፈረቃ ሲወጣ በሰፈሩ ሜዳ ታዳጊዎችን ያሰለጥናል። ደብተሩን አሳየኝ። ልክ እንደ ማናጀር ጨዋታው በመስመር ከፍሎታል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ የሚመታበት እግር፣ ጉዳት። የመጨረሻው መስመር «ዝውውር» ይላል። አንዱ ልጅ አጠገብ «አዲስ አበባ፣ ለሙከራ» ተጽፏል። አንዱ አጠገብ «ደሴ ከተማ ታዳጊ»። ከዚያ ወደ ታች «ሳዑዲ»፣ «ሳዑዲ»፣ «ጅቡቲ፣ ስልክ አይነሳም»። ሁሉም ከ20 ዓመት በታች ናቸው። ደብተሩን ለምን እንደሚይዝ ስጠይቀው፣ «አንድ ልጅ ልምምድ ሲቀር በዚያው ቀን ቤቱ እሄዳለሁ። ሁለት ቀን ካሳለፍኩ ደላላው ይቀድመኛል» አለኝ። በዚህ መንገድ ከመነሻው የመለሳቸው ልጆች ስም አጠገብ ቀይ እስክሪብቶ ክብ አድርጓል። ክቦቹን ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው።

ሜዳው ዳር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ጉልበቱ አብጦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሐሙስ ዕለት ሲዞር ጠምዞታል። ነካክቼ አየሁትና እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲያሳርፍ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው እንዲይዙለት፣ ሰኞ ሐኪም ቤት እንዲወስዱት ነገርኳቸው። አሰልጣኙ ደብተሩን ከፍቶ፣ «ሲስተር፣ ለነገው ግጥሚያ ስንት በመቶ ልጻፍለት?» አለኝ።

«ዜሮ ጻፍ» አልኩት።

ልጁ ከድንጋዩ ላይ ቀና ብሎ፣ «ሲስተር፣ ኧረ ሃምሳ ያድርጉልኝ!» አለ።