አሥራ ሦስትን የሚፈራው ቃል

ትሪስካይዴካፎቢያ።

ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ ሰው ግማሽ ላይ ይተወዋል። በእኛ ፊደል ግን እንደተጻፈ ይነበባል፦ ትሪስ - ካይ - ዴካ - ፎቢያ።

ሲፈታ ደግሞ ግርማው ይቀንሳል። ግሪክኛ ነው። «ትሪስ» ሦስት፣ «ካይ» እና፣ «ዴካ» ዐሥር፣ «ፎቦስ» ፍርሃት። የ13 ቁጥር ፍርሃት ማለት ነው፤ በቃ። «ካይ» እንግዳ እንዳይመስላችሁ፤ ግዕዙ «ዐሠርቱ ወሠለስቱ» ሲል «ወ» የምትሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው።

ታላቅ ወንድምም አለው፦ ፓራስኬቪ - ዴካትሪያ - ፎቢያ። ቀኑ 13 የሆነ አርብን መፍራት ነው። «ፓራስኬቪ» አርብ ነው፤ ሥሩ «ዝግጅት»፣ ለሰንበት መሰናዳት። «ዴካትሪያ» ደግሞ ልክ እንደ አማርኛው ዐሥርን አስቀድሞ ሦስትን ያስከትላል።

አሁን ልብ በሉ። ስሙን ያዋሱት ግሪኮች ራሳቸው የሚፈሩት አርብ 13ን ሳይሆን ማክሰኞ 13ን ነው። ቁስጥንጥንያ በ1453 የወደቀችው ማክሰኞ ቀን ነበር። ጣሊያኖች ደግሞ 17ን ይሸሻሉ። እኛ ዘንድ 13ኛ ወር አለ፤ ጳጉሜን የሚለው ስሙም የመጣው «የተጨመረ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው። አንዱ የሚሸሸውን ቁጥር ሌላው «የ13 ወር ጸጋ» ብሎ ለቱሪስት ያስተዋውቅበት ነበር። ክፋቱ ቁጥሩ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ፍርሃቱ ከአካባቢ የሚወረስ ነው።

የተወረሰ ስለሆነ ግን ቀልድ አይደለም። አቀናባሪው አርኖልድ ሾንበርግ 13ን ሲፈራ ኖሮ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ጁላይ 13፣ አርብ ቀን ሞተ። አጋጣሚ ነው፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፎቢያን ስም ግን የግሪክ መዝገበ ቃላት የያዘ ሁሉ ያወጣዋል። ሐኪሞች በዚህ ርዝመት አይጨነቁም፤ ውሻም ይሁን ቁጥር፣ አንድን ነገር ለይቶ መፍራትን በአንድ የጋራ መጠሪያ ይመዘግቡታል። የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ፍርሃቱ ምን አስቀረብህ? ሥራ? ጉዞ? ሕክምና? ሕክምናውም ሰውየውን ከሚፈራው ነገር ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ አንድ ሰው «ፎቢያ አለብኝ» ሲላችሁ የግሪክኛ ስሙን አትፈልጉለት። ምን እንዳስቀረበት ጠይቁት።