የዕረፍት ጉዞው ማዕድ ከቤት ይጀምራል

በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ «ዲዝኒ የምንሄደው መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። በፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ዛሬ አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች አሉት፤ አንዱን በወጉ ለማየት ሙሉ ቀን ይፈጃል። ባልና ሚስት ለዚህ ጉዞ ሲዘጋጁ የትኬቱን፣ የማደሪያውንና የመጓጓዣውን ወጪ አስቀድመው ያሰላሉ። የምግቡን ግን «እዚያው እንደ ሁኔታው እናያለን» ብለው ይተዉታል። በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የምወደው የምግቡም ውሳኔ በሰልፍ መካከል ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው የሚወስኑት መሆን እንዳለበት ነው።

ለምን ቢባል፣ ረሃብና ሙቀት መልካም የገንዘብ አማካሪዎች አይደሉም። በበጋው የፍሎሪዳ ፀሐይ የደከመ ልጅ ሲያለቅስ ወላጅ ዋጋ አይጠይቅም፤ ያገኘውን ይገዛል። ማታ ደረሰኙ ሲታይ ደግሞ «ይህን ማን አዘዘው?» የሚል ንግግር ይነሣል። ባለቤቴ መጋቢ እንደመሆኑ ባለትዳሮችን አብረን እናማክራለን። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ጠብ ስለ ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ሳይነጋገሩ ስለወጣ ገንዘብ ነው።

አስቀድማችሁ ዋጋውን እወቁ

በዲዝኒ ምግብ ቤቶች የልጅ ዋጋ የሚከፈለው ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። 10 ዓመት የሞላው በቡፌ ቤት እንደ አዋቂ ይከፍላል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን በቡፌ ቤት ከወላጆቹ ጋር ያለ ክፍያ ይበላል። የእኛ ልጆች 14፣ 8 እና 5 ዓመታቸው ስለሆነ፣ በሒሳቡ ሦስት አዋቂና ሁለት ልጆች ነን ማለት ነው።

ምግብ ቤቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ካውንተር ላይ አዝዛችሁ ራሳችሁ ይዛችሁ የምትቀመጡበት ነው። እዚህ ለአዋቂ 15፣ ለልጅ 8 ዶላር ብላችሁ ብትይዙ ብዙም አትሳሳቱም። ለአምስታችን 61 ዶላር ይሆናል፤ 6.5 በመቶ ታክስ ሲጨመር 65 ይደርሳል። ሁለተኛው አስተናጋጅ ያለበት ነው። ከእነዚህ መካከል ሚኪ ማውስና ጓደኞቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ልጆችን የሚያቅፉባቸው ቡፌ ቤቶች አሉ። ለአዋቂ 50፣ ለልጅ 30 ዶላር ብለን በትንሹ ብንይዝ እንኳ ለአምስታችን 210 ነው፤ ታክሱንና 18 በመቶ ጉርሻውን ስትጨምሩ 261 ዶላር ይሆናል። ይህ አንዱ ማዕድ ከካውንተሩ አራት ማዕድ ጋር እኩል ነው። ቦታውም ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ የፈለገ ሰው ቀድሞ ማሰብ አለበት። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከመነሣታችሁ በፊት የምግብ ዝርዝሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ምን ይዞ መግባት ይፈቀዳል?

ብዙ ወገኖች ምግብ ይዞ መግባት የተከለከለ ይመስላቸዋል። በዲዝኒ ፓርኮች ግን ማሞቅ የማያስፈልገውን ምግብ፣ ውኃና ለስላሳ መጠጥ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። የማይፈቀደው የጠርሙስ ዕቃና ልቅ በረዶ ነው። ስለዚህ በማቀዝቀዣ ቦርሳችሁ ውስጥ በረዶ ሳይሆን በፍሪጅ የሚጠነክሩትን ማቀዝቀዣ ከረጢቶች አድርጉ። የሌሎች ፓርኮች ደንብ የተለየ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ውኃን በተመለከተ ደግሞ ለስላሳ ከማሽን የሚቀዳበት ካውንተር ሄዳችሁ ብትጠይቁ ቀዝቃዛ ውኃ በነጻ ይሰጣችኋል። የታሸገው ውኃ አንዱ ከ3 ዶላር በላይ ነው። አምስት ሰው በቀን ሦስት ሦስት ቢጠጣ ከ45 ዶላር በላይ ለውኃ ብቻ ወጣ ማለት ነው።

ከጓዳችን የሚሄደው

ለእንዲህ ያለ ጉዞ እናቶቻችን ያወረሱን ስንቅ የሚተካከለው የለም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሙቀት አያበላሻቸውም፤ በትንሽ ከረጢት ለየልጁ ይታደላሉ። ጭኮ ቶሎ ያጠግባል፤ ቅቤው በሙቀት ስለሚቀልጥ ግን በማቀዝቀዣ ቦርሳው ይሁን። እኛ ከአትላንታ በመኪና ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዘን የምናርፈው፣ ኪሲሚ በሚባለው አጎራባች ከተማ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራይተን ነው። ድርቆሽና አስቀድሞ የተሠራ፣ በፍሪዘር የጠነከረ ቁሌት ይዘን ስለምንሄድ ጠዋት ጠዋት ፍርፍር በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ጥሩ ፍርፍር በልቶ የወጣ ልጅ እስከ እኩለ ቀን ድረስ «ራበኝ» አይልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ትልቁ ልጃችን ፍርፍር ይወዳል፤ በሰው መካከል ሲከፈት ግን ያፍራል። በዕረፍት ቀን ይህን የክርክር ርዕስ አናደርገውም። የአገራችንን ምግብ ጠዋት በቤት እንበላለን፤ ፓርክ ውስጥ ሳንድዊችና ፍራፍሬ ይዘን እንገባለን። ልጅ የራሱን ምግብ የሚወደው በደስታ ሲበላው እንጂ እየተቆጡ ሲያበሉት አይደለም።

የእናት ዕረፍትም በበጀቱ ይግባ

ባለቤቴና እኔ ለአራት ቀን ጉዞ ስናቅድ ሦስት ዓይነት ስሌት በወረቀት አስቀመጥን። ርካሹ ሁሉንም ቤት የምናበስልበት ነበር። እርሱ ወረቀቱን አየና «አንቺ የምታርፊው በየትኛው ቀን ነው?» አለኝ። እኅቶቼ፣ ይህን ጥያቄ ሁላችሁም ቤት አስነሡት። እናት ከሌሊቱ ተነሥታ እያበሰለች፣ ማታ ዕቃ እያጠበች የተረፈ ገንዘብ ቁጠባ አይባልም፤ ከአንድ ሰው ጉልበት የተወሰደ ነው። ወንድሞቼም፣ ይህን ጥያቄ ሚስቶቻችሁ እስኪያነሡት አትጠብቁ።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። የጠዋቱን ቁርስ ባለቤቴና ትልቁ ልጃችን ይሠራሉ። ምሳ ከቦርሳ ነው። ከቀኑ አንዱ ትኩስ ምግብ ከካውንተር ይገዛል፤ በአንዱ ቀን ደግሞ በእርሱ ፈንታ ቡፌ እንገባለን። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን 10 ዶላር ይሰጠዋል፤ የሚኪ ቅርጽ ያለውን አይስክሬም ይግዛበት ወይም ያስቀምጠው፣ ምርጫው የእርሱ ነው። ይህ «እማዬ ግዢልኝ» የሚለውን ልመና አስቀርቶልናል።

ሒሳቡን ተመልከቱ። የካውንተሩ ሦስት ቀን 195፣ ቡፌው 261፣ የልጆቹ 120፣ ከሱቅ የምንገዛው ለቁርስና ለምሳ 150፤ በድምሩ 726 ዶላር ነው። ሦስቱንም ማዕድ በየቀኑ ከካውንተር ብንገዛ 780፣ ውኃው 180፣ የልጆቹ 120 ሆኖ ቡፌ ሳይኖርበት 1,080 ይደርስ ነበር። ልዩነቱ 354 ዶላር ነው። ለአንዳንዱ ይህ ትንሽ ነው። በእኛ ቤት ግን አገር ቤት ላሉት እናቴ የምንልከው ገንዘብ ነው። ልጆቻችን በተዝናኑበት ወር አያታቸው እንዳይጎድልባቸው ያደረገው ይህ ወረቀት ነው። ይህንንም ለልጆቹ ነግረናቸዋል፤ ለምን ሳንድዊች እንደያዝን ሲያውቁ አላጉረመረሙም።

ቡፌው ለምን ይቅር አልተባለም? እንደ ብዙ አገልጋይ ቤት የእኛም ማዕድ ስልክ ይበዛበታል። በዚያ ቀን ስልኩ ጠፍቶ፣ ጸልየን፣ አባት ከልጆቹ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል በጠረጴዛ ተቀምጧል። ለዚህ የወጣው 261 ዶላር ብክነት አይደለም፤ ተስማምተንበት ያወጣነው ነው።

እንግዲህ ባለትዳሮች፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሦስት ጥያቄ ጻፉ፤ በየቀኑ የትኛውን ማዕድ እንገዛለን? የማይነካው ገንዘብ የትኛው ነው? ማን ያበስላል፣ ማንስ ያርፋል? የየቀኑን ድርሻ በፖስታ ለዩ፤ በካርድ የምትከፍሉ ከሆነም ማታ ማታ በማስታወሻ መዝግቡ። ቤታችሁ የምትሄዱበት ኦርላንዶ ይሁን በአቅራቢያችሁ ያለ ትንሽ መናፈሻ፣ ሥራው አንድ ነው። መልካም ጉዞና የሰላም ማዕድ ይሁንላችሁ።