አንድ መስከረም፣ ሁለት ወቅት፦ በሲልቨር ስፕሪንግ በእጃችን ያስጌጥነው ቤት

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ መስከረም ሁለት ፊት አለው። የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በሚበዙባቸው በጆርጂያና በፌንተን ጎዳናዎች ስታልፉ የእንቁጣጣሽ ሽርጉድ ያጋጥማችኋል። ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ የሀበሻ ቀሚሱ ሁሉ ይታያል። ጥቂት መንገዶች ተሻግራችሁ ወደ መኖሪያ ሰፈሮቹ ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በየበረንዳው ዱባ መደርደር ይጀምራል፤ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ከምሰሶ ጋር ይታሰራል፤ በየበሩ ላይ ክብ የአበባ ጉንጉን ይሰቀላል። በአንደኛው ወገን ዓመት ይከፈታል፣ በሌላው ወገን የሙቀቱ ወራት ይሸኛሉ።

ልጆቻችን የሚያድጉት በእነዚህ ሁለት ፊቶች መካከል ነው። ወቅት መቀየሩን የሚያውቁት ደግሞ ከትምህርት ቤትና ከሱቅ ነው። በኦክቶበር ዱባ፣ በዲሴምበር የጥድ ዛፍ፣ በፌብሩዋሪ ቀይ ልብ ያያሉ። የእኛን መስከረም የሚነግራቸው ነገር ግን ከቤት ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ የቤት ማስጌጥ ጉዳይ ለእኔ የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ቤታችን የትኛውን ወቅት እንደሚያውቅ የመወሰን ጉዳይ ነው።

መልካሙ ነገር፣ እኛ ያደግንበት ማስጌጥ ገንዘብም ልዩ ችሎታም የሚጠይቅ አልነበረም። ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ጠርሙስ ውስጥ አደይ አበባ ይቀመጣል፣ ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መላእክት ስለው ለጎረቤት ይሰጣሉ። ሁሉም ከደጅ የመጣ፣ በእጅ የተሠራ ነው። ባለፈው ዓመት እኛም በዚሁ መንገድ ለመሄድ ወሰንን።

“እዚህ ቤት ማን ሞቶ ነው?”

በዚያን ጊዜ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ከተቀመጠች ሦስት ወር ሆኗት ነበር። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ ከጎረቤታችን በር ፊት ቆም አለችና፣ “ልጄ፣ እዚህ ቤት ማን ሞቶ ነው?” ስትል ጠየቀችኝ። በሩ ላይ ክብ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል። ለእሷ ጉንጉን ማለት ለቀብርና ለመታሰቢያ ሐውልት የሚቀመጥ ነገር ነው።

እዚህ አገር በበር ላይ የሚሰቀለው የወቅት ምልክት መሆኑን ነገርኳት። በቆሎው አገዳና ዱባውም እንዲሁ የመኸር ምልክት እንደሆኑ አስረዳኋት። “እና እነሱም አዝመራ ነው የሚያከብሩት?” አለችና ትንሽ አሰብ አደረገች። ከዚያ፣ “እኛ በር ላይ ግን ክቡን አትስቀይ። የኛ ችቦ ነው” አለች። የመጀመሪያው የእጅ ሥራችን የተወለደው ከዚህ ነው።

ከስላይጎ ክሪክ ዳር የተገኘ ቢጫ

ስላይጎ ክሪክ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ በኩል የሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ነው። ዳር ዳሩን የሚሄደው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ በዚያ መንገድና በዙሪያው ባሉ ግቢዎች ስትሄዱ ዓይናችሁን የሚይዘው ቢጫ ነው። መሃሉ ጠቆር ያለው ቢጫ አበባ ብላክ አይድ ሱዛን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት ይፋዊ አበባ ነው። የእኛ አደይ አበባም ሆነ ይህ አበባ ሁለቱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው፤ ሩቅ ዘመዳሞች ልትሏቸው ትችላላችሁ።

ሌላው ረጅሙና ላባ የሚመስለው ቢጫ ጎልደንሮድ ነው። ብዙ ሰው በመስከረም ለሚያስነጥሰው አለርጂ ይህን አበባ ይወቅሳል። ነገር ግን የጎልደንሮድ ብናኝ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ የሚጓጓዘው በነፍሳት እንጂ በነፋስ አይደለም። ዋናው ጥፋተኛ በዚያው ሰሞን የሚያብበውና አበባው እምብዛም የማይታየው ራግዊድ የተባለው አረም ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ አበባ መቁረጥ አይፈቀድም። እዚያ የሄድነው ለማየት ብቻ ነበር። ለመቁረጥ የራሳችሁ ወይም የፈቀደላችሁ ጎረቤት ግቢ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት በሲልቨር ስፕሪንግ መሃል በሚቆመው የገበሬዎች ገበያም እቅፍ አበባ ይሸጣል። ራቅ ማለት የምትፈልጉ ደግሞ በመኪና ወደ ሰሜን ውጡ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1980 ከመሬቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ ማለትም 93,000 ኤከር፣ ለእርሻ ብቻ እንዲቆይ ከልሎታል። በካውንቲው ውስጥ ሰው ራሱ አበባና ፍራፍሬ የሚቆርጥባቸው እርሻዎች አሉ፤ በጀርመንታውን የሚገኘው በትለርስ ኦርቻርድ አንዱ ነው። የሚለቀመው ነገር በየወቅቱ ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። እናቴ በዚያ ማሳ መሃል ስትቆም መጀመሪያ ያደረገችው አፈሩን በጣቷ ቆንጥሮ ማየት ነበር።

በሩ ላይ፦ የችቦ እቅፍ

የሚያስፈልገው ከ15 እስከ 20 የሚሆን ረጅም የሣር አገዳ ወይም ቀጭን ጭራሮ፣ አሥር ያህል ቢጫ አበባና ሲባጎ ብቻ ነው።

አገዳዎቹን አንድ ላይ ሰብስባችሁ ከታች በኩል አጥብቃችሁ እሰሩ። አበቦቹን ከላይ በየመሃሉ አስገቡና ሁለተኛ ማሰሪያ ጨምሩ። ከዚያ ጫፉን ወደ ታች አዘቅዝቃችሁ ዝናብና ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው በር ላይ ስቀሉት። አበባ ሲዘቀዘቅ ግንዱ ቀጥ እንዳለ ይደርቃል፤ ስለዚህ እቅፉ በተሰቀለበት ቦታ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ራሱን ያደርቃል። ችቦ ቢመስልም ለማብራት አይደለም፤ ከሻማና ከከሰል ይራቅ።

ግድግዳው ላይ፦ የወረቀት አደይ

ይህ የስድስት ዓመቱ ልጄ ሥራ ነበር። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢጫ ወረቀት ውሰዱ። ለሁለት እጠፉት፤ እንደገና ለሁለት እጠፉት። አሁን ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኗል። የወረቀቱ መሃል የሆነውን ማዕዘን ይዛችሁ በሰያፍ ወደ ሦስት ማዕዘን እጠፉት። የተከፈተውን ጫፍ በመቀስ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ስትዘረጉት ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ታገኛላችሁ። ሁለቱን ብታደራርቡና የላይኛውን ትንሽ ብታዞሩት ይበልጥ ይሞላል።

ለመሃሉ ኮላ ቀቡና የአተር ክክ አጣብቁበት። ልጄ ግን የተቆላ ቡና ከማሰሮው አምጥቶ በግማሾቹ ላይ ለጠፈ። ባለ ክኩ “የእማማ አበባ” ነው፤ ባለ ቡናው “የሜሪላንድ አበባ” ነው። ሁለቱን እያፈራረቅን በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን ካላችሁ ክኩንና ቡናውን ትታችሁ መሃሉን በቀለም ሙሉት፤ ፍሬው ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ፦ የመጀመሪያዋ ስፌት

እናቴ በልጅነቷ ሰፌድና መሶብ ስትሰፋ ያደገች ናት። እዚህ አክርማና ስንደዶ የለም፤ ወስፌዋም አልመጣም። ከእደ ጥበብ ዕቃ መሸጫ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጥጥ ገመድ፣ ባለ ቀለም የሹራብ ክርና ጫፉ ደነዝ የሆነ ትልቅ መርፌ ገዛን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 2 ሜትር ገመድ ቁረጡ። የገመዱን ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በክር ጠቅልሉትና እንደ ቀንድ አውጣ አጥፋችሁ በመርፌ ያዙት። ከዚያ ገመዱን አራት ጊዜ በክር ጠቅልሉ፤ በአምስተኛው መርፌውን ቀደም ሲል ባለፈው ዙር ሥር አሳልፉና ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። እንዲህ አራት ጠቅልላችሁ አንድ እየወጋችሁ ዙሩ። ቀለም መቀየር ስትፈልጉ የአሮጌውን ክር ጫፍ ከገመዱ ጋር አብራችሁ ጠቅልሉት። ገመዱ ሲያልቅ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ክብ ትወጣላችኋለች። ለጀበና ማስቀመጫ ትሆናለች፤ በርካታ ከሆኑ ግድግዳ ላይም ያምራሉ። ለጀማሪ ሁለት ሰዓት ያህል ትወስዳለች።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ሦስት ወር ሙሉ በፈገግታና በጭንቅላት ንቅናቄ ነበር የሚግባቡት። እናቴ ማታ ማታ፣ “ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ ግን እንግዳ ነኝ” ትለኝ ነበር። ይህ አባባሏ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀምሮ ነበር።

ስፌቷ ሲጀመር ግን ማስተርጎም አላስፈለገም። እጅ እጅን እያየ ይሄዳል። “ጠበቅ አድርጊው።” “ላላ።” “አሁን ውጊው።” በሁለተኛው ቀን ከወጥ ቤት ሆኜ ልጄ፣ “እማማ፣ ክር አለቀ” ስትል ሰማኋት። ሁለት ቃል ናት። እናቴም እንደ ቀላል ነገር፣ “ቀዩን አምጪ እንግዲህ” አለቻት፤ ልጄም ቀዩን አመጣች። ከዚያ በኋላ ቃላቱ በዙ፦ ዙር፣ ጫፍ፣ ቋጠሮ፣ መርፌ። በትምህርት ዝርዝር ላይ ጽፌ ብሰጣት ኖሮ አንዱም አይያዝላትም ነበር ብዬ አምናለሁ። ለሥራው ስላስፈለጓት ያዘቻቸው።

መስኮቱ ላይ፦ የኦክቶበር ቅጠል

እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ደግሞ በ12 ይውላል። መስቀል ከ16 ቀን በኋላ ይከተላል። ከዚያ በኋላ አገሩ ራሱ ተራውን ይወስዳል። በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ የሲልቨር ስፕሪንግ ዛፎች ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ይሆናሉ። ልጆቼ ይህን ወቅት ይወዱታል፤ እኛም ከእነሱ ልንነጥቃቸው አንፈልግም።

ቅጠሉ ለምን ቢጫ እንደሚሆን ለልጆች መንገር ደስ ይላል። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም መሥራት ያቆማል፤ የነበረውም ይፈርሳል። ቢጫው ግን አዲስ የመጣ አይደለም፤ ሙቀቱን ወራት ሁሉ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ነበር፣ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ቀዩ በአብዛኛው በመኸር አዲስ የሚሠራ ቀለም ነው።

ቅጠሎቹን ለአንድ ሁለት ቀን በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ተጫኗቸው። ከዚያ ዋክስ ፔፐር በሚባለው የሰም ወረቀት ሁለት ንብርብር መካከል አድርጓቸው፤ ከላይም ከታችም ስስ ጨርቅ ይኑር። ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ ለጥቂት ሰከንድ አሳልፉበት። ሰሙ ቀልጦ ይያያዛል። ካውያውን የሚይዘው አዋቂ ይሁን። ከቀዘቀዘ በኋላ ዙሪያውን ቁረጡና መስኮት ላይ ለጥፉት፤ ብርሃን ሲያልፍበት ያምራል።

አበባ በሌለበት አገር ያላችሁ

ይህን የምታነቡት በሪያድ ወይም በዱባይ ሆናችሁ ከሆነ በመስከረም ደጁ ሙቀት እንጂ አደይ የለውም። ግን የተምር ዛፍ አለ። በሆሳዕና ቀለበት የታታችበት እጅ ከተምር ቅጠል ትንሽ የግድግዳ ጌጥ መታታት አያቅተውም። በሰው ቤት ተቀጥራችሁ አንዲት ክፍል ብቻ ያላችሁ ደግሞ የወረቀቷ አደይ መቀስና ወረቀት ብቻ ትበቃታለች፤ በአልጋ ራስጌም ቦታ አታጣም። በአውሮፓ ያላችሁ በመስከረም የሱፍ አበባን በየአበባ መሸጫው ታገኛላችሁ፤ አንዷ ዘለላ ለአንድ በር ትበቃለች።

አራቱንም በአንድ ጊዜ ለመሥራት አትነሡ። ዘንድሮ አንዷን ብቻ ምረጡ፤ በቤቱ ትልቁም ትንሹም ሰው እጁን ያስገባባት። ስትጨርሱ ጀርባዋ ላይ የሠሪውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። ወቅቱ ሲያልፍ በካርቶን ውስጥ በደረቅ ቦታ አስቀምጧት። እናቴ በጥር ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሳለች። የልጄን የመጀመሪያ ስፌት ይዛ ሄደች፤ በስልክ እንደነገረችኝ ጀበናዋ የሚቀመጠው በእሷ ላይ ነው። ልጄ አሁን ሁለተኛዋን እየሠራች ነው። ቀዩ ክር ሲያልቅባትም በቪዲዮ ትደውልላታለች።