ላይኛው ክርና ታችኛው ክር

በግእዝ ሰፈየ ማለት ሰፋ ማለት ነው። ስፌት የሚለውም ስም በአማርኛ ብዙ ሥራ ይዞ ይገኛል፤ በአለላ የሚሠራው መሶብና ሙዳይ ስፌት ይባላል፤ በመርፌ የሚያያዘውም ልብስ ስፌት ይባላል። ጥበብ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው፤ ሊቃውንት የሚሹት ዕውቀት ጥበብ ነው፤ ሸማኔ በቀሚስ ጫፍ የሚያወጣውም ባለቀለም ጌጥ ጥበብ ነው። ጠለፈ የሚለው ግሥ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። በመርፌ አበባ ያወጣችውን ልጅ ጠለፈች ይሏታል፤ እርሷኑ ከመንገድ ነጥቆ የወሰዳትንም ሰው ጠለፈ ይሉታል። አንዱ ቃል አንድ ጊዜ ለጌጥ፣ አንድ ጊዜ ለእንባ ይውላል። እንግዲህ ክርና ቃል ዝምድናቸው የቈየ ነው፤ ክር ቃልን ሲጽፍ መታየቱም እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ባለው በደቡብ ወሎ ደጋ ብርዱ የጠና ነው። በደጎሎ ዙሪያ፣ በጃማ ወረዳ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንዴም ያበቅላል። ስለ ብርዱ ያለው ሰው ጋቢና በርኖስ ይደርባል፤ የሌለው ግን ድሪቶ ይለብሳል። ድሪቶ ማለት ያረጀ ጨርቅን በጨርቅ ላይ አነባብሮ፣ ቀዳዳውን በእራፊ ሸፍኖ፣ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ በመደረት የሚሠራ ልብስ ነው። እያንዳንዱ እራፊ ለብቻው ከነፋስ አያድንም፤ መርፌ ሦስቱንና አራቱን አንድ ባደረጋቸው ጊዜ ግን በመካከላቸው የተያዘው አየር ሙቀትን ይጠብቃልና ድሀውን ያሳድረዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን የመሰለውን አሠራር ለአልጋ ልብስ አውለውታል፤ ኋላም መጠኑን አሳንሰው፣ ሥዕልና ቃል ሰፍተውበት፣ በግድግዳ የሚሰቀል ጌጥ አድርገውታል። በኢትዮጵያ ግን ድሪቶ የድህነትና የምናኔ ምልክት ሆኖ ስለ ቀረ፣ እንደ ጥበብ የቈጠረው ሰው ጥቂት ነው።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ በደጎሎ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ስፌት መኪና ያኖረ ልብስ ሰፊ ነበረ። ይህ ሰው በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ ቅኔ ቤት የዋለ ሲሆን፣ ጉባኤ ቃናውን ቈጥሮ መወድስ ሳይደርስ አባቱ ስለ ሞተ፣ እናቱን ለመርዳት ትምህርቱን ትቶ መርፌ ያዘ። ከደንበኞቹ ልብስ የተረፈውን ቍራጭ አይጥልም ነበር። ከላይ ንጹሕ ሸማ፣ ከመካከል ያረጀ ጋቢ፣ ከታች አቡጀዲ አድርጎ፣ ስፋቷ ከአንድ ክንድ የማትበልጥ ትንሽ ድሪቶ ያዘጋጃል፤ በላይዋም አንድ ሥዕልና አንድ ቃል ይጠልፍባታል። ከአንድ ቃል በላይ አይጽፍም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለተራ ስፌት መኪናው ራሱ ጨርቁን በጥርሶቹ እየገፋ ይወስደዋል፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። ለጥልፍ ግን ሰፊው ጨርቁን የሚጫነውን እግር ያነሣል፤ ጥርሶቹንም ዝቅ ያደርጋል ወይም በስስ ብረት ይከድናቸዋል፤ ጨርቁንም ወጥሮ በሁለት እጁ ይይዛል። ከዚህ በኋላ መኪናው መንገድ አያውቅም። መርፌው ባለበት ቆሞ ይወጋል፤ ጨርቁ ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላም በእጅ ይሄዳል። በብራና ላይ ገጹ ይቆማል፣ ብዕሩ ይሄዳል፤ በዚህ ግን ብዕሩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ገጹ ሊጻፍ ወደ እርሱ ይመጣል። እግር ቸኵሎ እጅ ቢዘገይ ክሩ በአንድ ስፍራ ይከማቻል፤ እጅ ቸኵሎ እግር ቢዘገይ ስፌቱ ይረዝማል፣ መርፌውም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እግርና እጅ እንደ ከበሮና እንደ ጸናጽል መስማማት አለባቸው።

በሁለት ክር የሚቈልፈውን የስፌት መኪና ኤልያስ ሀው የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846 በስሙ አስመዘገበ፤ ይስሐቅ ሲንጀርም በ1851 የራሱን አሻሽሎ አወጣ። በሲንጀር ስም የተጠራው ኩባንያ በ1911 የመኪና ጥልፍን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። የመኪናው ምሥጢር ግን በታችኛው ክር ነው። መርፌው ላይኛውን ክር ይዞ ጨርቁን ወግቶ ሲወርድና ሊመለስ ሲል ክሩ ከታች ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ ታችኛው ክር ያልፋል፤ ሁለቱም በጨርቁ መካከል ይያያዛሉ። ሥራው የተስተካከለ እንደ ሆነ ከላይ የሚታየው ላይኛው ክር ብቻ ነው። ነገር ግን ታችኛው ያለቀ እንደ ሆነ፣ መርፌው ቀኑን ሙሉ ቢወጋ ላይኛው ክር ምንም አይዝም፤ በጣት ቢስቡት ይወጣል። ያ ልብስ ሰፊ ይህን ባየ ጊዜ በቅኔ ቤት የተማረው ሰምና ወርቅ ትዝ ይለው ነበር። ሰሙ የሚታየው ነው፤ የሚይዘው ግን ወርቁ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ያረጀ ነጠላዋን አጣጥፋ ወደ በረንዳው መጣች። ልጇ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር።

«ጋሼ፣ አንቱ ፊደል ያውቃሉ፤» አለችው። «እኔ አላውቅም፤ እርሷ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። ከዚህ ነጠላ ቈርጠው ቃሌን ይስፉልኝና ይዛው ትሂድ።»

«ምን ተብሎ ይሰፋ?» ቢላት፣ ጾሟንና ጸሎቷን እንዳትተው፣ ሳትበላ እንዳትውል፣ ሰው ሁሉ ሲስቅላት እንዳታምን፣ ድምፅዋንም እንዳታጠፋ ብላ ብዙ ነገር ቈጠረችለት።

«እቴ፣ ይህ ሁሉ በወረቀት ይጻፋል፤» አላት። «በጨርቅ ግን አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ መወጋት ነው። ከሁሉ የምትሽውን አንዱን ምረጪ።»

ብዙ ዝም አለችና «ከሁሉ የምሻው መመለሷን ነው፤» አለች። «ነገር ግን ለመንገዷ የተበደርነው ገንዘብ አለ። ተመለሽ ብላት ዕዳውን ማን ይከፍለዋል? ደግሞም የእናቷን ቃል ሰምታ ሥራዋን ጥላ ብትመጣ አባቷና ወንድሞቿ እኔን ይወቅሳሉ። ዝም ብላት ደግሞ ለገንዘብ የሸጥኋት ይመስላታል።»

ሰፊው መልስ አልሰጣትም፤ ነጠላውን ተቀብሎ ነገ ተመለሺ አላት። በማግሥቱም በነጠላው ላይ አንዲት ሣር ክዳን ጎጆ፣ ዙሪያዋን አጥር፣ በአጥሩም መካከል የተከፈተ በር ጠልፎ ቈያት፤ ከበሩም ሥር ሁለት ፊደል ብቻ አኖረ፤ ግቢ።

«የሚያየው ሰው፣ አጥርና ደጅ ተሥሎ ግቢ ተብሎ ተጻፈበት ይላል፤ ይህ ሰሙ ነው፤» አላት። «ልጅሽ ግን በሩ ክፍት መሆኑን አይታ ያነበበችው እንደ ሆነ፣ እናቷ ግቢ ስትላት ትሰማለች። ቀኑን አልቈረጠባትም፣ ዕዳውንም አልነካም። መቼም ብትመጣ ግቢ ነው።»

እናቲቱ የማታውቀውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ዳሰሰችው። «እንግዲያስ ዕዳዬንም አልሸሸሁ፤ ልጄንም አልከለከልሁ፤» አለች።

«ፍቺውን ትነግሪያታለሽን?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «አልነግራትም፤ ከነገርኋትማ ተመለሽ ማለቴ አይደለምን?» ብላ ሄደች። ሰፊው የክሩን ዋጋ ብቻ ተቀበለ፤ ነገር ግን ታችኛው ክር ሳይያዝ እንዳይቀር ፈርቶ ነበር።

ሁለት ፊደል ለመጥለፍ አንድ ቀን መፍጀቱ የሚያስደንቀው አይጥፋ ይሆናል። የግእዝ ፊደል ግን እንደ ፈረንጅ የእጅ ጽሕፈት ተያይዞ አይፈስም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ስለዚህ ሰፊው አንዱን ፊደል ሲጨርስ ክሩን ቋጥሮ ይቈርጣል፤ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ደግሞም የፊደሉ ምሥጢር በትንሽ ቅጥል ነው። የቢ ቅጥል በእግሩ ግርጌ መሆኑ ቀርቶ ወደ ወገቡ ከፍ ቢል ቡ ይሆናል፤ ግቢም ግቡ ይሆንና ለአንዲት ልጅ የተላከው ቃል ለብዙዎች ይሆናል። የተሳሳተውን ክር መፍታት ይቻላል፤ ቀዳዳው ግን በሸማው ላይ ይቀራል። ፊደልን በመልክ ብቻ የሚያውቅ ጠላፊ ሌላም እንቅፋት አለበት፤ በግእዝ ሠዐለ ሥዕል ሠራ ማለት ሲሆን፣ ሰአለ ግን ለመነ ማለት ነውና፣ ፊደሉን ያቀያየረ እንደ ሆነ ሠዓሊው ለማኝ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ሥራ የእጅ ብቻ አይደለም።

ልጅቱ ከሄደች ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ደመወዟን ላከች። ለወንድሟም በስልክ ስትናገር ገንዘቡ ለዕዳው እንዲከፈል ካዘዘች በኋላ፣ «ከዚሁ ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ የግቢውን በር አሠሩት፤ እንዳይዘጋ፤» አለችው። ወንድሙ የበሩ ነገር ምን እንዳሳሰባት አልገባውም። እናቲቱ ግን ሰምታ ወጣችና በረንዳው ድረስ ሄዳ ለሰፊው ነገረችው። እርሱም ከመኪናው ቀና ብሎ «ታችኛው ክር ያዘ፤» አላት። ዕዳው ገና አላለቀም ነበር፤ ልጅቱም ገና በሰው አገር ነበረች። ነገር ግን ሁለቱ ያለ ጸሐፊና ያለ አንባቢ አማላጅነት ተነጋግረዋል።

የተሰፋ ቃል ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አያገኝም። ሃሪየት ፓወርስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1837 በባርነት ተወልዳ ነበር። ነጻ ከወጣች በኋላ በተነባበረ ጨርቅ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በ11 ሥዕል ሰፋች፤ አዳምና ሔዋን፣ የአቤል መገደል፣ የያዕቆብ መሰላል፣ ስቅለትም ይገኙበታል። በ1886 በኤግዚቢሽን በታየ ጊዜ ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልትገዛት ብትለምናት እምቢ አለች። ኋላ ግን ችግር ስለ ጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችላት፤ ከሸጠችውም በኋላ ልታየው ትመላለስ ነበር። ሥዕሎቹ ፊደል የላቸውም፤ ነገር ግን ገዢዋ የእያንዳንዱን ፍቺ ከሰፊዋ አፍ ሰምታ ስለ ጻፈችው፣ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም የሚያየው ሰው ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ፓወርስ በ1910 ዐረፈች፤ ታችኛው ክር ግን በሌላ ሰው እጅ ተረፈ።

በዚሁ በወሎ፣ ከደጎሎ በስተሰሜን ባለችው በመቅደላ፣ ነገሩ እንዲህ አልሆነም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባዪቱን በያዘ ጊዜ ከተወሰደው ብዙ ንብረት መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት የእቴጌ ጥሩ ወርቅ ቀሚስ አንዱ ነው። ጥጡ በሐር ተጠልፏል፤ ዛሬም በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ንግሥቲቱ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ስትወርድ በዚያው ዓመት በመንገድ ዐረፈች። ሐሩ ዛሬም አለ፤ ጠላፊዪቱ ማን እንደ ነበረች፣ ያንን ሐረግ ስትስብ ምን አስባ እንደ ሆነ ግን ከቀሚሱ ጋር የተጓዘ ፍቺ የለም።

በብራና መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። ብራናው ሲፋቅ የተቀደደውን በመርፌ ይሰፉታል፤ ጥራዙንም ከገበታው ጋር በክር ያያይዙታል። ከዚህም ሌላ አንባቢው የሚሻውን ምዕራፍ ወይም ሥዕል ቶሎ እንዲያገኝ በቅጠሉ ጠርዝ ቀይ ወይም ሰማያዊ ክር ያስሩበታል። ያ ክር አንድ ቃል ነው፤ «እዚህ ግለጥ» ይላል። ያሰረው መምህር ሲሞትና ደቀ መዝሙሩ ሳይጠይቀው ሲቀር ግን ክሩ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፤ ለምን እንደ ታሰረም የሚያውቅ አይገኝም።

አንባቢ ሆይ! በእናትህ ቤት የትራስ ልብስ፣ የመሶብ ልብስ፣ ያረጀ ቀሚስ ይኖር ይሆናል፤ በላዩም ወፍ፣ አበባ ወይም «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚል ጥልፍ አለ። ፊደል የተማረ ሰው ይህን አይቶ የሴቶች መዋያ ነው ብሎ ያልፋል፤ ቅጥሉ የተሳሳተ ፊደል ያየ እንደ ሆነም ይስቃል። ከመሳቅ ይልቅ ግን መጠየቅ ይሻላል፤ ማን ጠለፈችው? ለማን? በየትኛው ዓመት? ወፏስ ለምን ፊቷን ወደ ኋላ አዞረች? መልሱንም ብዕር ያለው ይጻፈው። ላይኛውን ክር እናቶች በድካማቸው ሰፍተውታል፤ ታችኛውን የሚያቀብል ሰው ካልተገኘ ግን፣ ብል ሳይበላው፣ እሳትም ሳይነካው፣ ቃሉ ከጨርቁ ላይ ተስቦ ይወጣል።