ውጋት ነው ብለን አንለፈው

በእኛ በካፋ ጎኑን የያዘው ሰው ሲገኝ ለሕመሙ ቶሎ የሚሰጠው ስም «ውጋት» ወይም «ብርድ» ነው። ጎኑ ይታሻል፣ ዝንጅብል ይፈላለታል፣ እስኪነጋም ይጠበቃል። ሕመሙ የኩላሊት ጠጠር ከሆነ ግን ሌሊቱ አይገፋም። ሰውዬው ቢተኛም ቢቀመጥም አይመቸውም፤ ይንቆራጠጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሕመሙም ወደ ብሽሽቱ ይወርዳል።

አጎታችንን ከዴቻ ወረዳ ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረ ፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ባመጣናቸው ጊዜ በደም ሥራቸው የፀረ-ብግነት መርፌ ታዘዘላቸው። አብሮን የመጣ ዘመድ «ማስታገሻማ በሽታውን ይደብቃል» ብሎ ተቃወመ። ብዙዎቻችን ዘንድ ያለ ሥጋት ነውና መልሱን ማወቅ ይበጃል።

ጠጠሩ ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበትን ቀጭን ቱቦ ሲዘጋ ኩላሊቱ ይወጠራል። ያን ጊዜ ሰውነት የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ኩላሊቱ የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር ውጥረቱ ይብሳል። ኬቶሮላክና ዳይክሎፌናክ የሚገቱት ይህንኑ ንጥረ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሕመሙን ከምንጩ ይቀንሱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,600 በላይ ሕመምተኞች የተካፈሉበት የዶሃ (ኳታር) ጥናት ታትሞ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው፣ በጡንቻ ዳይክሎፌናክ ከተወጉት 68 በመቶ፣ በደም ሥር ሞርፊን ከተሰጣቸው 61 በመቶ ነበሩ።

ይሁን እንጂ መርፌው ለሁሉም አይሆንም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ አስፒሪን አስሙን የሚቀሰቅስበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ከመወጋታቸው በፊት ለባለሙያው ይናገሩ። ሕመምተኛው መናገር ካቃተው ይህ የአስታማሚው ድርሻ ነው። አጎታችን ጨጓራቸው ደኅና እንደሆነ የተጠየቅነው እኛ ነበርን።

ሕመሙ ሲበርድ ጠጠሩ ወጣ ማለት አይደለም። ከ5 ሚሊሜትር የሚያንሱት አብዛኞቹ በራሳቸው ይወጣሉ፤ ተለቅ ያሉት ግን ክትትል ይሻሉ፤ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ሽንት ከተቋረጠ፣ አንድ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። በተዘጋ ኩላሊት ውስጥ የገባ መመርቀዝ ሕይወት ያጠፋልና።

በሕመሙ ሰዓት ውሃ በግድ ማጠጣት ጠጠሩን አያስወጣም። ውሃ የሚጠቅመው ደኅና በሆንንበት ጊዜ፣ ሌላ ጠጠር እንዳይፈጠር ነው። በቡና አገር ብንኖርም ከስኒው ጎን የውሃ ብርጭቆ አይጥፋ።