«ስሙ ያልታወቀ»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ለዓመታት ከሐሳቤ ስላልወጣ አንድ ታካሚ ላጫውታችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። መኪና የገጨውን ወጣት መንገደኞች በታክሲ አምጥተው ድንገተኛ ክፍል አስረክበውን ሄዱ። ራሱን ስቷል። ኪሱ ውስጥ መታወቂያም ስልክም የለም። ካርዱ ላይ «ስሙ ያልታወቀ፣ ወንድ፣ ዕድሜው 25 የሚገመት» ብዬ ጻፍኩ። ልብሱን በመቀስ ቀደን አወለቅነው፤ የተቻለንን ሁሉ ሞከርን። ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ሰዓቱን መዘገብኩና ወደ ሌላ ታካሚ ሄድኩ።

ከሳምንታት በኋላ አንዲት ሴት ወንድሟን ፍለጋ መጣች። «ዶክተር፣ ግራ ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ልጅ ሆኖ ሻይ ፈስሶበት ነው» አለችኝ።

ካርዱን አስወጣሁ። ስለ ጭንቅላቱ ጉዳት በዝርዝር ጽፌያለሁ። ስለ ክንዱ አንድም ቃል የለም። ልብሱ ተጥሏል። የአስከሬኑን ፎቶ አሳዩአት፤ ፊቱ በጣም ስላበጠ መለየት አልቻለችም። ጠያቂ ስላልነበረውም ማዘጋጃ ቤት ቀብሮታል።

ስትወጣ «እናቴ እስካሁን በሩን ሳትቀረቅር ነው የምታድረው» አለችኝ። ወንድሟ ይሁን አይሁን እሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅሁ። ጠባሳውን አይቶ መጻፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

እኛ አገር መርዶ እንኳ ወግ አለው። ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል፣ ፍትሐት ወይም የጀናዛ ሶላት ይደረጋል። ሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ግን አይለቀስለትም፤ እንዳይጠበቅም አይቻልም። ሐኪም ቤት እንቅልፍ አጥተው፣ ራሳቸውን አሟቸው፣ በድብርት ተይዘው ከሚመጡት መካከል ጉዳዩ ሲጠየቅ የጠፋ ልጅ ያላቸው እናቶች አሉ። ስለዚህ ለሟች ስሙን መመለስ በሕይወት ላለው ቤተሰቡም ሕክምና ነው።

ይህን ጠንቅቀው ከተረዱት ሐኪሞች አንዷ ጣሊያናዊቷ የፎረንሲክ ሐኪም ክሪስቲና ካታኔዮ ናት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እሷና ባልደረቦቿ ቤተሰቦችን ጠርተው ፎቶ፣ የጥርስ ቅርጽ፣ ጠባሳና ዲኤንኤ እያመሳከሩ ስም ፍለጋ ገቡ። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ የሣቅ ፎቶ እንኳ ጠቅሟቸዋል፤ ጥርስ ያሳያላ! በባሕር ያለቁ ስደተኞችን ማንነት ሲያጣሩ ከአንድ ወጣት ልብስ ውስጥ የተቋጠረ አፈር ያገኙበት ጊዜም አለ፤ ከአገሩ ይዞት የወጣ ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ ለተሳፋሪዎች የሚደረገው ሁሉ ለስደተኛም ሊደረግ ይገባል ትላለች።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

👉 መታወቂያችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቦርሳችሁ ውስጥ ስማችሁንና የሁለት ዘመድ ስልክ ቁጥር የያዘ ወረቀት አኑሩ።

👉 አንድሮይድም ሆነ አይፎን ስልክ ሳይከፈት የሚታይ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ መሙያ አለው። ዛሬውኑ ሙሉት።

👉 የመታወቂያ ፎቶ ላይ አፋችንን ገጥመን ነው የምንነሣው። ጥርስ የሚታይበት ፎቶም ይኑራችሁ። የድሮ ራጅ ፊልም አትጣሉ።

👉 የሚረሱ አረጋውያንና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ዘመዶች ስምና ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር።

👉 ሰው ከጠፋባችሁ ቶሎ ለፖሊስ አመልክቱ። ሆስፒታል ስትሄዱ በስሙ ብቻ አትጠይቁ፤ «ያልታወቀ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በስም ተፈልጎ አይገኝም። የጠፋበትን ቀን፣ የለበሰውን፣ ጠባሳውን፣ ንቅሳቱን፣ የወለቀ ጥርሱን ተናገሩ። በስደት የጠፋ ከሆነ ቀይ መስቀል የማፈላለግ አገልግሎት አለው።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ያልታወቀ ታካሚ ሲገባ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አይቼ ያየሁትን እጽፋለሁ። ልብሱን በፌስታል አድርጌ ቁጥር እለጥፍበታለሁ። ቢሞትም ታካሚዬ ነው፤ ነገ በሩን ሳትቀረቅር የምታድር እናት መልስ ፈልጋ ትመጣለች።

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።