«ጥርስ ነው፣ ያልፋል»

ዛሬ ማንንም አንተችም። የምንናዘዘው እኛው ነን።

ቦታው ሸዋ ሮቢት ነው። የእህታችን ልጅ፣ ገና ዓመት ከመንፈቁ፣ ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ቆላ አይደል? ትኩሳት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። አያታችን ግን ድዱን ዳሰስ አድርገው «ጥርስ ነው፣ ያልፋል» አሉ። ተስማማን። ይባስ ብለን ውሃ ከለከልነው! የሚገባው ሲቀንስ የሚወጣውም ይቀንሳል የሚል ሒሳብ ይዘን...

በማግስቱ ጨርቁ ላይ ደም አየን። ዓይኑ ጎድጉዷል። ሲያለቅስ እንባ የለውም። ባጃጅ ተኮናትረን፣ ሽንኩርት የጫኑ ጋሪዎችን እየቀደምን ጤና ጣቢያ ደረስን።

ሲስተር የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። እጥፋቱ ቶሎ አልተመለሰም።

«ጥርስ ደም አያስቀምጥም። ይሄ የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ለመሆኑ ምን እያጠጣችሁት ነው?»

ዝም አልን።

አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጠች። ለአራት ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጠን በማንኪያ አጠጣነው። ሲያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀን፣ ቀስ እያልን እንደገና። በመጨረሻ ማሙሽ አለቀሰ፤ በእንባ! እኛም አብረነው።

ወደ ቤት ስንመለስ የታዘዘልን ይህ ነበር፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን በክብደቱ ተለክቶ ለ3 ቀን፤ ዚንክ በቀን 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን፤ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል ኦአርኤስ፤ ጡቱም ምግቡም እንዳይቋረጥ። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ለሕፃን ክልክል ነው። በሁለት ቀን ካልተሻለው፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ ግን ሳይውል ሳያድር መመለስ።

ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው በአብዛኛው የሰውነቱን ውሃና ጨው አሟጦ ነው። ይህን ሳንሰማ ቀርተን አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባን ጨምሮ በየቦታው ሲነሳ፣ ተማሪዎች ሳለን፣ «ፈሳሽ ስጡ» ሲባል ሰምተናል። ኋላም ጋዜጠኝነት ተማርን፣ «መረጃ ለሕዝብ እናደርሳለን» አልን። መረጃው የገዛ ጓዳችን ሳይደርስ ቀረ!

አያታችንን አንወቅስም። እሳቸው የሚያውቁትን ተናገሩ። የምናውቀውን ያልተናገርነው እኛ ነን።

ቸር እንሰንብት።